ለሚመጣው የተከደነ ጎጆ

«እማዬ፣ ነገ የሚሄድ ከሆነ፣ ለማን ብሎ ነው የሚከድነው?» ስትል ልጄ ፀዳለ በሕፃንነቷ ወራት ጠየቀችኝ፤ ጣቷንም ወደ ኮረብታው ቀስራ፣ ደበሎውን አውልቆ በጎጆው ጫፍ ላይ ተንጠላጥሎ በአሮጌው ክዳን ላይ ትኩስ ሰንበሌጥ የሚደርበውን፣ ይኄይስ የተባለውን የቅኔ ተማሪ አሳየችኝ፤ ይኄይስ ቅኔውን ፈጽሞ፣ በመምህሩ ተመርቆ፣ ስንቁን ቋጥሮ በማግሥቱ ወደ ሌላ ደብር ሊሻገር ተሰናድቶ ነበርና። «ለሚመጣው ነው» አልኋት። «የሚመጣው ማነው?» «እኔ እንጃ ልጄ።» «እሱስ ያውቀዋል?» «እሱም አያውቀውም።» እርስዋም «ታዲያ የማያውቀውን ሰው ዝናብ ቢመታው እሱን ምን አገባው?» አለችኝ፤ እኔም ስንዴ ወደማበጥርበት ሰፌድ ተመለስሁ፤ ለአንዳንድ ጥያቄ መልሱ የሚገኘው ጠያቂው ካደገ፣ ተጠያቂውም ካረጀ በኋላ ነውና።

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፤ የሰው ልጅ በሦስት ዘመናት መካከል ተወጥሮ የሚኖር ፍጡር ነው፤ ኀላፊውን በትዝታ፣ ያለውን በድካም፣ መጻኢውን በተስፋ ይዳስሳል፤ ከሦስቱ ግን ፊቱ ያልታየ፣ ድምፁ ያልተሰማ፣ ስሙም ያልተጠራ መጻኢው ብቻ ስለ ሆነ፣ ለእርሱ የሚደክም ሰው ከጥቂትም ጥቂት ነው፤ ለአባቱ መቃብር ሐውልት የሚያቆም፣ ለራሱም ክብር አዳራሽ የሚያንጽ በየአገሩ ሞልቶ ሳለ፣ ገና ላልተወለደ እንግዳ ምንጣፍ የሚያነጥፍ፣ ገና ላልመጣም ተማሪ ጣራ የሚከድን እንደ ክረምት ፀሐይ ብልጭ ብሎ የሚታይ ነው። እኔ ከፊደልና ከዳዊት፣ ከዚያም በመሠረተ ትምህርት ዘመን ካገኘሁት በቀር ዕውቀት የሌለኝ ሴት ብሆንም፣ እንዲህ ያለውን ብልጭታ በዘመኔ አይቻለሁና፣ ያየሁትን ሳልናገር ብቀር በደል ይመስለኛል።

ወይን አምባ የምትባለው አገራችን በአንድ ወገን በገደል፣ በአንድ ወገን በወንዝ ታጥራ የተቀመጠች ደጋ ናት፤ ከኪዳነ ምሕረት ደብር በስተ ምሥራቅም፣ ከቤታችን ትይዩ፣ ተማሪዎች ከየአውራጃው እየመጡ ጎጆ እየቀለሱ የሚቀመጡባት፣ የሌሊት ቅዝቃዜና የቀን ረኀብ ሳይበግራቸው ዜማና ቅኔ የሚቀጽሉባት ኮረብታ አለች። ባሌ መሪጌታ ልሳነ ወርቅ፣ ነፍሱን በአጸደ ገነት ያኑርልኝና፣ የዚያች ጉባኤ መምህር በነበረ ጊዜ፣ አዲስ ተማሪ ጎጆ ሊቀልስ በመጣ ቍጥር በመቋሚያው መሬቱን እየለካ ስፍራውን የሚያመለክተው እርሱ ነበር፤ በሚያመለክትበትም ጊዜ በሁለት ጎጆዎች መካከል ዘወትር የአንድ ጎጆ ስፍራ ባዶ ያስቀር ነበርና፣ ያም ክፍት «የእንግዳ ስፍራ» ይባል ነበር። ባላገሩ «መሪጌታ ተማሪዎቹን እንደ ፍየል በትኖ ያሰፍራቸዋል» እያለ ይስቅበት ነበር፤ እርሱ ግን «ጉባኤ የምታድገው ወደ ውጭ ብቻ ከሆነ፣ ኋላ የመጣው ከገደል አፋፍ ያድራል፤ ከመካከል ማደግ ትችል ዘንድ ግን መካከሏን ለቀቅ ማድረግ ነው» ይል ነበር። ተማሪዎቹ ሌላም ሥርዐት ነበራቸው፤ ከመካከላቸው «የእኔ ጎጆ» የሚል ቃል ከአፉ ያመለጠው ተማሪ ቢኖር፣ ሰንበት እስኪመለስ ድረስ ለጉባኤው ሁሉ ውኃ እንዲቀዳ ይፈረድበታል፤ ጎጆ ከሄደው የተቀበሉት፣ ለሚመጣው የሚያስረክቡት አደራ እንጂ የማንም ርስት አይደለምና። ስለዚህም የሚሄደው ሳይከድን አይሄድም፤ የሚመጣውም የከደነለትን ሳያውቅ ይመርቀዋል።

ፀዳለ በዚህ ሥርዐት መካከል አደገች። ከምድጃ ዳር አመድ ዘርግታ በእንጨት ጫፍ ክብ ክብ እየሣለች፣ «ይኼ የይኄይስ፣ ይኼ የእንግዳ፣ ይኼ ደግሞ የእንግዳው እንግዳ» ስትል፣ አባቷ ከዳዊቱ ቀና ብሎ፣ «አንቺ ልጅ፣ የእንግዳው እንግዳ ከመጣስ እኔና እናትሽ ወዴት እንግባ?» እያለ ያሳስቃት ነበር፤ ያ ሳቅ ዛሬም ድረስ በጆሮዬ አለ፤ አንዳንድ ማለዳ ከቅዳሴ ስመለስ በሩን ከፍቼ ከመግባቴ በፊት የምሰማው ይመስለኛል። መሪጌታ ታሞ በተኛ ጊዜ ብዙ አልተናዘዘም፤ ንብረትም የነበረው ሰው አልነበረም፤ እጄን ይዞ «የኮረብታው ጢስ እንዳይጠፋ» አለኝ፤ እኔም «አይጠፋም» አልሁት፤ ከዚያም የጀመረውን የዕለት ጸሎቱን ሳይፈጽም ዐረፈ። ወንበሩን የኔታ ዕዝራ የሚባሉ፣ በቅኔ የተራቀቁ፣ በጨዋታም የማይደፈሩ ሊቅ ወረሱት፤ ጢሱም አልጠፋም፤ ልጄም በአመድ ላይ የጀመረችውን ሥዕል በወረቀት ላይ ቀጥላ፣ አዲስ አበባ ተምራ፣ ከተሞችና ግቢዎች ሳይሠሩ አስቀድሞ የሚያቅድ ባለሙያ ሆነች፤ እኔም «ልጅሽ ምን ሥራ ያዘች?» ላለኝ ሁሉ ማስረዳት እያቃተኝ፣ «ገና የሌለውን ነገር ትሥላለች» እል ነበር።

ከብዙ ዓመታት በኋላ በወይን አምባ ዩኒቨርሲቲ ይቋቋም ዘንድ ተወሰነ፤ ሜዳውም ተከለለ፤ ፕሬዚዳንት ሆነው የመጡት ዶክተር ይሁኔ፣ ከዛሬ ጀምሮ እስከ ሠላሳ ዓመት የሚመጣውን ተማሪና የሚስፋፋውን ምርምር የሚያስተናግድ የግቢ ፕላን እንድታወጣ ሥራውን ለፀዳለ ሰጡ። ዶክተር ይሁኔ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም በተማሪነታቸው ዘመን ክፍሉ ሞልቶ ከመስኮት ደፍ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ጎናቸው በብርድ እየደነዘዘ የተማሩ ሰው ነበሩና፣ «በእኔ ጊዜ የሆነው በእነዚህ ልጆች አይደገምም» የሚል መሐላ በልባቸው ነበረ፤ ነገር ግን ቸኩለው የሚምሉ ሰዎች እንደሚያደርጉት፣ መሐላቸውን በሚታይ ነገር ሊፈጽሙት ይሹ ነበር። ፀዳለ ገና በአዲስ አበባ ሳለች ቀያሾች መጥተው፣ ሜዳውን በገመድና በመነጽር ሲለኩ ሰንብተው፣ በመጨረሻ ወደ ኮረብታው ወጡ፤ በየጎጆውም ደጅ እየቆሙ «ይህ የማነው?» እያሉ ጠየቁ። ተማሪዎቹም እንደ ሥርዐታቸው፣ አንዱ ከአንዱ ሳይመካከር፣ ሁሉም «የእኔ አይደለም፤ የሚመጣው ነው» እያሉ መለሱ። «ባለቤቱ መቼ ይመጣል?» ቢሏቸውም «እግዚአብሔር ባለ ቀን» አሉ። ቀያሾቹ ተያዩ፤ የጎጆዎቹንም መበታተን፣ በመካከላቸውም ያለውን ባዶ ስፍራ አይተው፣ ጥቂት ነዳያን የተጠለሉባት ባለቤት አልባ ኮረብታ ናት ብለው መዘገቧት፤ ያችም ኮረብታ፣ ስንት ዘመን የተዜመባት ኮረብታ፣ በካርታው ላይ አንዳች ምልክት ሳይኖርባት እንደ አዲስ ገበታ ነጭ ሆና ወጣች። ከአውራ ጎዳናው ለሚመጣ መንገደኛ ከሩቅ የምትታይ ናትና፣ ፕሬዚዳንቱ የዩኒቨርሲቲው ዋና ሕንጻ፣ ሰባት ፎቅ ሆኖ፣ በላይዋ እንዲቆም ወሰኑ፤ ሥራውም ከመስከረም እንዲጀመር ታዘዘ።

ልጄ ይህን የሰማችው ከአውቶቡስ ወርዳ፣ ሻንጣዋን ከደጃፌ ሳታሳርፍ ነበር። የኮረብታውን ጢስ ወደ ላይ ሲወጣ አየችውና «እማዬ፣ የት ይሄዳሉ?» አለችኝ፤ እኔም ይህን አንቺ ታውቂ እንደሆነ እንጂ እኔ ከየት አውቃለሁ ብዬ ልቆጣት አሰብሁ፤ ነገር ግን የፊቷን መገርጣት አይቼ ተውሁት። ተማሪው ተበትኖ ወደ ሌላ ደብር ቢሄድ፣ ጉባኤ የሚበተነው በአንድ ቀን፣ የሚሰበሰበው ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ነው፤ መምህሩም ሽማግሌ ናቸው፤ ለባሌም የገባሁት ቃል አለ። እርስዋም ከፕሬዚዳንቱ ዘንድ ሄዳ ተከራከረች፤ እርሳቸውም በረጋ ቃል «የእኛ አይደለም ያሉት ራሳቸው ናቸው፤ እኔ በጕልበት ከማን ወሰድሁ?» ብለው መለሷት። በመጨረሻ ሕዝቡ በቀበሌው አዳራሽ ተሰብስቦ እንዲመክር ሆነ።

በዚያ ስብሰባ ላይ ፀዳለ ሥዕሏን በግድግዳ ላይ ሰቅላ ቆመች፤ እንዴት ያለ ሥዕል ነበር! መማሪያው፣ ማደሪያው፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ቤተ ሙከራው ሁሉ በየቀለሙ ተለይቶ፣ በየሁለቱ ሕንጻ መካከል የአንድ ሕንጻ ስፍራ ነጭ ሆኖ ቀርቶ ነበር፤ «ዛሬ የምንቀበለው ተማሪ ከዐሥር ዓመት በኋላ እጥፍ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላም እጥፍ ድርብ ይሆናል፤ ምርምሩም ዛሬ ስሙን በማናውቀው መንገድ ይሰፋል፤ ስለዚህ ግቢው ከመካከሉ ማደግ ይቻለው ዘንድ መካከሉን እንተውለት» አለች። እኔ ከሴቶቹ ወገን ተቀምጬ ስሰማ፣ የመሪጌታ መቋሚያ በዚያ ወረቀት ላይ ሲራመድ ያየሁ መሰለኝ። ከኋላዬ ግን አንዲት ጎረቤቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እሰይ የእኛ ልጅ! ላልተወለደው ስፍራ አስቀምጣ የተወለደውን ከኮረብታው ታባርርልን!» አለችና ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ፕሬዚዳንቱም ሥዕሉን በጥሞና ተመልክተው፣ «ወይዘሮ ፀዳለ፣ ይህ ሁሉ ባዶ ቦታ እኮ ግቢያችንን ጥርሱ የወለቀ ሽማግሌ ያስመስለዋል» አሉ። የኔታ ዕዝራ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ፣ ጭራቸውን እያወዛወዙ፣ «የሕፃን አፍም እኮ ጥርስ የለውም ዶክተር፤ ገና ሊያበቅል ነው እንጂ ወልቆበት አይደለም» አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ፕሬዚዳንቱም አብረው ሳቁና፣ «የኔታ፣ እርስዎ ለስንት ዓመት ነው ያቀዱት?» ብለው ጠየቁ። «እኛማ እስከ ዳግም ምጽአት ነው ያቀድነው፤ ችግሩ ሣሩ በየሦስት ዓመቱ ይበሰብስብናል።» «እንግዲያው ይፍረዱኝ» አሉ ፕሬዚዳንቱ፤ «የእርስዎ ተማሪ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሊቅ ይሆናል፤ የእኔ ተማሪ ግን ማይክሮስኮፕ ተሸክሞ ዛፍ ሥር አይቀመጥም። መስከረም ሲጠባ ከየአገሩ የሚመጡት ልጆች የት ይደሩ?» ይህም እውነት ነበርና የኔታ ጭራቸውን አሳረፉ፤ በሁለት እውነቶች መካከል የሚሆን ክርክር ከሐሰት ጋር ከሚሆነው ይልቅ ይከብዳል።

ሆኖም ፕሬዚዳንቱ በማግሥቱ ካባቸውን ትተው፣ የዳገት መውጫ ጫማ አድርገው፣ ልጄን አስከትለው ወደ ኮረብታው ወጡ፤ እኔም ለየኔታ የማደርሰው እርጎ ነበረኝና ደረስሁ። ጢሙን ያጎፈረ አንድ የቅኔ ተማሪ ከጎጆው ደጅ ተቀምጦ ደበሎውን ሲሰፋ አገኙትና፣ «ወንድሜ፣ ይህ ጎጆ የማነው?» አሉት። «የሚመጣው ነው፣ ጌታዬ» አለ ብድግ ብሎ። «አንተስ?» «እኔማ የመጣሁት ነኝ።» ፕሬዚዳንቱ መሣቅም መቆጣትም እንዳማራቸው ሆነው፣ «እንዲህ እያላችሁ እኮ ነው ራሳችሁን ያስነቀላችሁ! የእኔ ነው ብትሉ ምን ነበረበት?» አሉት። ተማሪውም መርፌውን በደበሎው ላይ ሰክቶ፣ «ታዲያ ልዋሽ ጌታዬ? ደግሞስ ሰባት ቀን ውኃ ማን ይቀዳልኛል?» አለ። ልጄ ሥርዐቱን ስታስረዳቸው፣ ፕሬዚዳንቱ ከጎጆ ወደ ጎጆ፣ ከክፍተትም ወደ ክፍተት እየተመላለሱ ብዙ ቆዩ፤ በየክዳኑም ላይ የአሮጌውን ሣርና የአዲሱን መደራረብ፣ እንደ መጽሐፍ ቅጠል አንዱ ባንዱ ላይ መተኛቱን ተመለከቱ። ሲወርዱም ለልጄ እንዲህ አሏት፤ «ኮረብታውን ለፕላኑ የመጨረሻ ዘመን አቆዪልኝ፤ ዕድገቱ እስኪደርስበት ድረስ ማንም አይነካውም፤ ምናልባት እኔም አንቺም የማንደርስበት ቀን ነው። ነገር ግን ለዋናው ሕንጻ ሌላ ስፍራ፣ ለስፍራውም መንገድ፣ መጀመሪያ ለሚመጡት ሴቶች ልጆችም ማደሪያ አምጪልኝ፤ ሦስቱን ካላመጣሽ በመስከረም ዶዘሩ ይወጣል።»

ስፍራው ተገኘ፤ ከቤታችን ማዶ ያለው ድንጋያማ ጠፍ፣ ለእርሻ የማይሆን ለሕንጻ ግን የጸና መሬት ነበር። ሥዕሉን ጨርሳ ያመጣችው በአንድ የሰንበት ከሰዓት ነው፤ በጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ፣ አራቱን ማዕዘን በስኳር ዕቃና በጨው ዕቃ፣ በማስመሪያዋና በአባቷም ዳዊት አስያዘችው። እኔም መነጽሬን አድርጌ ጎንበስ አልሁ፤ «ይህ አረንጓዴው ምንድን ነው?» «የእህልና የአፈር ምርምር የሚደረግበት ማሳ።» «ይህስ ነጩ?» «ለሚመጣው የተተወ።» ኮረብታውም ከነጎጆዎቹ፣ እንደ ልጅነቷ ክብ ክብ ሆኖ ተሥሎ ነበር፤ ዓይኔም በዚያ ጥቂት ቀረ። ከዚያ በኋላ ከአውራ ጎዳናው ተነሥቶ ወደ ጠፉ የሚወጣውን መንገድ በጣቴ ተከተልሁ፤ ቀጥ ብሎ ይመጣና፣ ከመካከሉ ላይ ድንገት እንደ ጉልበት ታጥፎ፣ የምርምሩን ማሳ ምርጥ ጥቁር አፈር ለሁለት ሰንጥቆ፣ ዞሮ ዞሮ ይመለሳል። «ይህን መንገድ ምን አግኝቶት ነው እንዲህ የተጠማዘዘው?» አልኋት። «የመሬቱ ጠባይ ነው እማዬ።» «እዚህ መሬት ላይ እኮ ነው ያረጀሁት፤ ጠባዩን አውቀዋለሁ። እዚህ ጋ ምን አለ?» የጨው ዕቃውን እያነሣች እያስቀመጠች ቆየችና፣ ቀና ሳትል «ቤትሽ ነው» አለች።

አንባቢ ሆይ፤ ከእናት ቤት ለመሸሽ የታጠፈ መስመር ከሁሉ መስመር የሚጣፍጥ መሆኑን አልክድም፤ ልጄ ለእኔ ያላትን ፍቅር ከዚያ ቀን በፊት በእንዲያ ያለ ግልጽ ጽሕፈት አንብቤው አላውቅም። ነገር ግን በዚያው ጣት የጥቁሩን አፈር መሰንጠቅ አየሁ፤ በዚያ ማሳ ላይ ሊመራመሩ የሚመጡትን፣ ስማቸውን የማላውቃቸውን ልጆች አየሁ፤ ከጎጆው ጫፍ ላይ የተንጠላጠለውንም ይኄይስን አየሁ። «አቅኚው» አልኋት። «እማዬ! ጓሮሽን ይወስዳል፤ ማድቤቱን ይወስዳል፤ አባባ የተከለው ወይራ አለ።» «አባትሽ ወይራውን ሲተክል በጥላው ሊቀመጥ አስቦ አልነበረም፤ አልተቀመጠበትምም። አቅኚው።» «ትልቁ ቤት እንኳ ባይፈርስ ከመንገዱ ዳር፣ በግቢው ውስጥ ነው የሚቀረው፤ ያንቺ አይሆንም እኮ። አንቺስ ወዴት ትሄጃለሽ?» «ከታላቅ እህቴ ከይመኙሻል ዘንድ ነዋ፤ እርስዋም ብቻዋን ከምታኮርፍ ከእኔ ጋር ትጨቃጨቅ።» ልጄ ሣቀች፤ ከሣቋም መካከል እንባዋ ዱብ አለ፤ ያን ጊዜ ፈጽሞ ሳላስበው ያ የጥንት ነገር አፌ ላይ መጣና፣ «ግን ንገሪኝ እስቲ፣ ለማን ብዬ ነው የምለቀው?» አልኋት። እርስዋም የምለውን ዐወቀችው፤ እንደ ሕፃንነቷም ዓይኗን ጠርጋ «ለሚመጣው» አለችኝ። «የሚመጣው ማነው?» «እኔ እንጃ እማዬ።» ከኮረብታው የማታው ዜማ ይሰማ ነበር፤ እርስዋም ማስመሪያዋን አንሥታ፣ የተጠማዘዘውን ፍቃ መንገዱን ቀጥ አድርጋ አሰመረችው።

ፕሬዚዳንቱ አዲሱን ሥዕል ባዩ ጊዜ፣ የተፋቀውን መስመር ዱካ ተመልክተው «ጠማማ የነበረውን ማን አቃናው?» ብለው ጠየቁ። «የመሬቱ ባለቤት» አለቻቸው። «ተመስገን፣ በመጨረሻ ባለቤት ያለው መሬት አገኘን!» አሉ እየሣቁ፤ ነገሩን በዝርዝር በሰሙ ጊዜ ግን ሣቃቸውን ገቱት፤ ራሳቸው ወደ ቤቴ መጥተው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ «እናቴ፣ ለሕንጻው ስፍራ፣ ለስፍራውም መንገድ አግኝተናል፤ ለሴቶቹ ልጆች ግን ማደሪያው እስኪቆም ድረስ ጣራ የለንም፤ ቤትዎን ሳናፈርሰው እንዲያድሩበት ቢፈቅዱልን?» አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ «መስኮቱ ከሰሜን ወገን ብርድ ያስገባል፤ ጨርቅ ይወተፍበት» ብቻ አልኋቸው። እንዲህ ሆኖ ኮረብታው ዳነ፤ ዳነ ስል ለዘለዓለም አይደለም፤ ዘመኑ ሲደርስ ዕድገት ወደዚያም ይወጣል፤ የኔታም ይህን ሲሰሙ «እስከዚያ ድረስ እንከድናለን» አሉ እንጂ ሌላ አልጨመሩም።

ቤቱን ከማስረክብበት ዕለት በፊት ያለው ቀን ትካዜ የበዛበት ነበር። ዕቃዬ ሁሉ ታስሮ ከደጅ ተደርድሯል፤ የታላቅ እህቴም መልእክት «ነገ ከሰዓት በፊት ድረሺ፤ ምሳ እንዳይበርድብኝ» የሚል ነበር። በባዶው ቤት ውስጥ ስመላለስ፣ ግድግዳው እያንዳንዱ የራሱን ነገር ነገረኝ፤ እዚህ መሪጌታ ጀርባውን አስደግፎ ሲያነብብ የተፋቀው፣ እዚያ ፀዳለ ቁመቷን በከሰል የለካችበት፣ ከምድጃው በላይ በጥቀርሻ የጠቈረው፤ ሠርጌም ልቅሶዬም ያለፈው በዚህ ቤት ነው። ልጄ አመሻሽ ላይ መጥታ «ነገ የሚቀረን ነገር አለ?» ስትለኝ፣ «አንድ ነገር አለ» አልኋት፤ ምን እንደሆነ ግን አልነገርኋትም፤ እርስዋም አልጠየቀችኝም።

በማግሥቱ ማልጄ ኪዳን አድርሼ ተመለስሁ፤ ነጠላዬን አጣፍቼ አሸረጥሁና፣ ከጓሮዬ፣ መንገድ ሊሆን ከተቈረጠለት ከጓሮዬ፣ አፈር ዛቅሁ፤ ጭድ ነሰነስሁበት፤ ውኃ አፍስሼ በእግሬ ረገጥሁት፤ ከዚያም ከበሩ በስተ ቀኝ ጀምሬ የተሰነጠቀውን እየደፈንሁ፣ የተፋቀውን እየመረግሁ ግድግዳውን ዞርሁት፤ የከሰሉን ምልክት ስደርስበት ግን እጄ ቆመ፤ ያን ጊዜ ከኋላዬ የጫማ ኮቴ ሰማሁ፤ ፀዳለ መጥታ ቆማ ታየኝ ነበር። በከተማው ልብሷ፣ ሊጫኑ ከተደረደሩት ዕቃዎች መካከል ቆማ፣ ለማን ብዬ እንደምመርግ አልጠየቀችኝም፤ ጫማዋን አውልቃ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ከጭቃው በሁለት እጅዋ አንሥታ የልጅነት ቁመቷን ምልክት በገዛ እጅዋ መረገችው፤ ሰው የሚገባበትን ቤት ቢሠራ ብልህ ይባላል፤ የሚወጣበትን ቤት ቢያድስ ግን፣ ሳያየው ከሚቀረው ዘመን ጋር ተዋውቋል።